የሞተች ፔጆ ሊብሬ፦ በድሬዳዋ አሮጌ መኪኖች ላይ የተደቀነው የሕግ አደጋ

ከከዚራ ጥላማ መንገዶች ተነስቶ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ወደ መጋላ የሚያቀና የድሬ ሰው፣ ባጃጅ ከተማዋን ከመሙላቱ በፊት ሕዝቡን ሲያመላልስ የኖረው ማን እንደሆነ አይጠፋውም፤ ፔጆ 404 ናት። እ.ኤ.አ. በ1960 ፈረንሳይ ውስጥ መመረት የጀመረችው ይህች መኪና በድሬዳዋና በሐረር የታክሲ ሥራ ላይ ስንቱን ቤተሰብ አስተምራ፣ ስንቱን ድራ ዛሬም አልሞተችም። ልጅ ከአባቱ፣ የልጅ ልጅ ከአያቱ ወርሶ የሚነዳት ናት።

ዛሬ የምናነሳው ግን የፔጆዋን ታሪክ ሳይሆን የወረቀቷን ጉዳይ ነው። በአገራችን የአሮጌ መኪና ሊብሬ፣ አንዳንዴ መኪናው ራሱ ከሚያወጣው በላይ ዋጋ የሚሰጠው ሰነድ እየሆነ ነው። ወረቀት ከብረት ሲወደድ፣ ወረቀቱን ለሌላ ብረት የሚያለብስ አጭበርባሪ አይጠፋም። በዚህ መካከል የሚጎዳው አጭበርባሪው ብቻ ቢሆን ባልጻፍን ነበር። ከጅዳ ወይም ከሪያድ ያጠራቀመውን ይዞ የተመለሰ ወንድም፣ የባሏን ውርስ ሸጣ ልጆቿን ልታሳድግበት ያሰበች እናት፣ አልፎ ተርፎም ሞተር በመቀየሩ ብቻ ሰነዱ ከመኪናው ጋር የማይገጥምለት ንጹሕ ሰው ጭምር በአንድ መረብ ይያዛሉ።

ለምን አሁን?

ሦስት ነገሮች ተደራርበዋል። አንደኛው በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ነው። አዋጁ ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ስለጣለ፣ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባት ለብዙኃኑ የማይታሰብ ሆነ። ሁለተኛው፣ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ነው። ሦስተኛው በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መደረጉና የብር የመግዛት አቅም መውረዱ ነው።

የሦስቱ ድምር ውጤት ግልጽ ነው። ቀድሞ በሕጋዊ መንገድ ገብቶ፣ ቀረጥ ተከፍሎበት፣ ሰሌዳ የተለጠፈለት መኪና ሁሉ ተተኪ የሌለው ንብረት ሆነ። ለቁራጭ ብረት ሊሸጥ የነበረ ቀፎ እንኳ «ሊብሬው አለ ወይ?» የሚል ደንበኛ አገኘ።

ድሬዳዋ ደግሞ በጂኦግራፊዋ ምክንያት ፈተናው ይበረታባታል። በ1902 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ የመጣው የባቡር ሐዲድ የፈጠራት ከተማ ናት፤ ንግድ በደሟ ውስጥ አለ። በአንድ በኩል በደወሌ በኩል የጅቡቲ መንገድ፣ በሌላ በኩል በጅግጅጋና በቶጎጫሌ በኩል የሶማሌላንድ መንገድ ይደርስባታል። ሐላል ነጋዴው በሚመላለስበት መስመር ቀረጥ ያልተከፈለበት ዕቃም ሾልኮ እንደሚገባ የከተማዋ ነዋሪ ያውቃል። ቀረጥ ያልተከፈለበት መኪና ግን እንደ ጨርቅ ወይም እንደ ስልክ ገበያ ላይ ዘርግተው አይሸጡትም፤ መንገድ ላይ ለመውጣት ስም ያስፈልገዋል። ስሙ የሚገኘው ከሞቱት ነው።

ማንነት እንዴት ይሰረቃል?

የመኪና ማንነት በሦስት ነገሮች ይታወቃል፦ በሻንሲ ቁጥሩ፣ በሞተር ቁጥሩና በሰሌዳው። ሊብሬው እነዚህን ከባለቤቱ ስም ጋር የሚያስተሳስር ሰነድ ነው። ማጭበርበሩም በእነዚህ ዙሪያ የሚሽከረከር ሆኖ፣ በአብዛኛው ከአራት መልኮች አይወጣም።

የመጀመሪያው «የሞተ መኪና ሊብሬ» የሚባለው ነው። በአደጋ የተጨፈለቀ ወይም ዝጎ ያበቃለት መኪና ከመዝገብ ሳይሰረዝ ይቀርና፣ ወረቀቱና ሰሌዳው ተመሳሳይ ሞዴል ላለው፣ ግን ለተሰረቀ ወይም በኮንትሮባንድ ለገባ መኪና ይሰጣል። ሁለተኛው መንትያ መፍጠር ነው፤ በሕይወት ያለና በሌላ ከተማ የሚሠራ መኪና ቁጥር ተገልብጦ ለሌላ ይለጠፋል። አንድ ስም ያላቸው ሁለት መኪኖች፣ አንዱ ድሬዳዋ ሌላው ሩቅ አገር ይነዳሉ፤ አንድ ቀን በቅጣት፣ በአደጋ ወይም በስም ዝውውር እስኪጋጩ ድረስ ማንም አያውቅም። ሦስተኛው ሰነዱን ራሱን በሐሰት መሥራት ነው፦ ሊብሬ፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ወይም ማኅተም። አራተኛው የሰው ማንነት ነው፤ በሞተ ሰው ስም የሚንቀሳቀስ ውክልና፣ ወይም ባለቤቱ የማያውቀው ወኪል።

አሮጌ መኪና ለዚህ ሁሉ የሚመችበት ቴክኒካዊ ምክንያት አለ። በዓለም ላይ ዛሬ የምናውቀው ባለ 17 አሃዝና ፊደል የተሽከርካሪ መለያ ቁጥር በአሜሪካ ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. ከ1981 ሞዴል ጀምሮ ነው። አምራቹን፣ ሞዴሉንና ዘመኑን በውስጡ ስለሚይዝ፣ ቁጥሩ የቮልስዋገን ሆኖ መኪናው ፔጆ ከሆነ ባለሙያ ወዲያው ይነቃል። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፔጆ 404ም ሆኑ የቀድሞዎቹ ቮልስና ፊያት ግን እያንዳንዱ አምራች በራሱ መንገድ የመታባቸውን አጫጭር ቁጥሮች ነው የሚይዙት። ቁጥሩ ራሱ ብዙ አይናገርም። እውነቱን የሚናገረው በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ውስጥ ያለው ታሪኩ ብቻ ነው።

ጥገና እና ማጭበርበር የሚለያዩት የት ላይ ነው?

እዚህ ላይ ቆም ብለን ማሰብ አለብን። ስድሳ ዓመት ያስቆጠረች መኪና ከፋብሪካ እንደወጣች ልትኖር አትችልም። መለዋወጫ ሲጠፋ መካኒኩ ከቆመች ሌላ ፔጆ ሞተር ያወርድላታል፤ ባትላሜራው የበላውን ወለል ቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበይዳል። ይህ የድሬና የሐረር ጋራዦች የሚኮሩበት ጥበብ እንጂ ወንጀል አይደለም። ችግሩ፣ ሞተሩ ተቀይሮ መዝገቡ ካልተቀየረ፣ የሐቀኛው መኪናና የአጭበርባሪው መኪና በፖሊስ ፊት አንድ ዓይነት መምሰላቸው ነው። ሁለቱም ሊብሬያቸው ከብረታቸው ጋር አይገጥምም።

ይህ ጥያቄ ትልቅ ገንዘብ በሚንቀሳቀስባቸው አገሮችም ፍርድ ቤት ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1929 እና በ1930 የለማን ውድድርን ያሸነፈችው ቤንትሊ «ኦልድ ነምበር ዋን» በ1990 በእንግሊዝ ፍርድ ቤት የክርክር ምክንያት ሆና ነበር። ገዢው ወገን መኪናዋ ብዙ አካሏ ስለተቀየረ ያቺ ታሪካዊት መኪና አይደለችም ብሎ ከ10 ሚሊዮን ፓውንድ ውል ለመውጣት ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ግን አካሏ በየዘመኑ ቢለዋወጥም ታሪኳ ሳይቋረጥ የዘለቀ በመሆኑ ያቺው መኪና ናት ብሎ ለሻጩ ፈረደ።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ቀላል ነው። የአሮጌ መኪና ማንነት ያልተቋረጠ ታሪኩ ነው። በእኛ አገር ያ ታሪክ የሚኖረው ደግሞ በመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ፋይል ውስጥ ነው። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 የተዘረጋው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ ሥርዓትም ለዚህ የቆመ ነው። ለውጡን ያስመዘገበ ሰው ጠግኗል ይባላል፤ ያላስመዘገበው ግን ተጠርጣሪ ሆኖ ራሱን ለማስረዳት ይገደዳል።

ሕጉ በማን ላይ ይወድቃል?

ብዙ ወንድሞች «እኔ ገንዘቤን ከፍዬ ነው የገዛሁት፣ ምን አገባኝ?» ሲሉ እንሰማለን። ሕጉ ግን እንዲህ በቀላሉ አያልፍም።

በወንጀል በኩል እንጀምር። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ መሠረት ሰነድ ወደ ሐሰት መለወጥ (አንቀጽ 375) ብቻ ሳይሆን፣ በሐሰተኛ ሰነድ መገልገልም (አንቀጽ 378) ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ሰነዱ መንግሥታዊ ሲሆን ጥፋቱ ይከብዳል (አንቀጽ 379)። ሊብሬ ደግሞ መንግሥታዊ ሰነድ ነው። የወንጀል ፍሬ የሆነን ንብረት መግዛትና መያዝ በመሸሸግ (አንቀጽ 682)፣ ገዢን ማታለል በአታላይነት (አንቀጽ 692) ያስጠይቃል። በቅን ልቦና የገዛ ሰው ከወንጀል ቅጣት ሊድን ይችላል። ነገር ግን ቅንነቱን መርማሪው በሁኔታዎች ይመዝነዋል፦ ዋጋው ከገበያ በታች ነበር ወይ? ግብይቱ በሌሊት፣ ያለ ውል ተፈጸመ ወይ? የተፋቀ የሻንሲ ቁጥር እያየ ዝም አለ ወይ?

በጉምሩክ በኩል፣ ቀረጥ ሳይከፈልበት በኮንትሮባንድ የገባ ተሽከርካሪ በጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 መሠረት ለመወረስ የተጋለጠ ነው። በወረቀት የለበሰው ስም ሲገለጥ የሚቀረው ያለ ቀረጥ የገባ ብረት ነው። ከቀረጥ ነጻ የገባ መኪናም ቢሆን ቀረጡ ሳይከፈል ወደማይፈቀድለት ሰው ሲተላለፍ ችግሩ ይመጣል።

በፍትሐ ብሔር በኩል፣ ሕጉ በቅን ልቦና ዕቃ ገዝቶ የተረከበን ሰው በመርህ ደረጃ ይጠብቃል (ቁጥር 1161)። ንብረቱ የተሰረቀ ሲሆን ግን ባለቤቱ የማስመለስ መብት አለው (ቁጥር 1165)። ገዢው ያኔ ወደ ሻጩ ይመለሳል፤ ሻጭ ለገዢው ንብረቱ በሌላ ሰው መብት እንዳይነጠቅ የመዳኘት ግዴታ አለበትና (ቁጥር 2281 እና 2282)። በተንኮል የተደረገ ውልንም ማስፈረስ ይቻላል (ቁጥር 1704)፤ ይሁንና ውል የማፍረስ ክስ በሁለት ዓመት ይታገዳል (ቁጥር 1810)። እነዚህ ሁሉ መብቶች ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አላቸው፤ ሻጩ መገኘት አለበት። በደላላ ስልክ ብቻ የሚታወቅ፣ ስሙ በውሉ ላይ የሌለ ሻጭን የትኛው ፍርድ ቤት ይጠራዋል?

አራተኛው ተጎጂ ብዙ የማይወራለት ነው፤ ቁጥሩ የተገለበጠበት እውነተኛ ባለቤት። በማያውቀው ከተማ ቅጣት ይጻፍበታል፣ ባልነበረበት አደጋ ይጠየቃል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 መሠረት የተሽከርካሪ ባለቤት፣ መኪናውን ሌላ ሰው ቢነዳውም እንኳ ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ነጻ የሚወጣው መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። መኪናውን በውክልና ብቻ ሸጦ ስም ያላዞረ ሰውም በዚሁ አንቀጽ ጥላ ሥር እንዳለ ያስታውስ። እሱ «ሸጫለሁ» ብሎ ተኝቷል፤ መዝገቡ ግን ዛሬም ባለቤቱ እሱ መሆኑን ይናገራል።

ውክልና፣ ሚራስ እና የሟች ስም

በአካባቢያችን የመኪና ሽያጭ በውክልና መፈጸም እንደ ልማድ ተወስዷል። የስም ማዛወሪያ ወጪ ለመሸሽ ወይም ጊዜ ለመቆጠብ ተብሎ ሊብሬው በአንደኛው ባለቤት ስም እንዳለ መኪናው ከሦስትና ከአራት ሰው እጅ ያልፋል። ውክልና ግን ባለቤትነት አይደለም፤ በሌላ ሰው ስም የመሥራት ፈቃድ ብቻ ነው። ወካዩ ሲሞት፣ በውሉ ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር፣ ውክልናው ያበቃል (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2232)። በሟች ስም ባለ ውክልና የተሸጠ መኪና፣ የኋላ ኋላ ወራሾች ሲነሱ ገዢውን ባዶ እጁን ሊያስቀረው ይችላል።

ይህ ጉዳይ በተለይ የእኛን ማኅበረሰብ ይነካል። አሮጌዎቹ ፔጆዎች በአብዛኛው የአባትና የአያት ንብረት ናቸው። አባት ወደ አኼራ ከሄደ በኋላ ታላቅ ወንድም መኪናውን ይዞ ይሠራል፤ እህቶች ድርሻቸው ሳይሰላ ዓመታት ይነጉዳሉ፤ ሊብሬው ግን እስካሁን በሟች ስም ነው። እንዲህ ያለ ባለቤት የሌለው ወረቀት ነው የአጭበርባሪው ቀላል ሲሳይ። መፍትሔው በእጃችን አለ። ድሬዳዋ ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ ከተማ እንደመሆኗ፣ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በተከራካሪዎች ፈቃድ የውርስ ጉዳይ ያያሉ። የወራሽነት ማረጋገጫ አውጥቶ፣ ሚራሱን በሸሪዓው ከፋፍሎ፣ ስሙን በመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ማዞር ሁለት ሐቅ ይጠብቃል፦ የወራሾችን፣ በተለይም የሴቶችን፣ እና የመጪውን ገዢ።

አማና ሲባል

«በመጋላ በቃል እንገበያይ ነበር፤ አማና ነበር» የሚሉ አባቶች አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ያ መተማመን የዚህች ከተማ ሀብት ነው። ግን አማና ማለት አለመጻፍ ማለት ሆኖ አያውቅም። በሱረቱል በቀራ የሚገኘው የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ ዕዳ በጽሑፍና በምስክር እንዲያዝ የሚያዝ ነው፤ ለእጅ በእጅ ንግድ ጽሕፈቱን ቢያቀልም፣ ስንገበያይ ምስክር እንድናቆም ያሳስባል። መኪና ደግሞ ቁልፍ በመቀባበል ብቻ የሚያልቅ ንግድ አይደለም፤ ስሙ እስኪዞር ድረስ በሻጭና በገዢ መካከል ዕዳ አለ።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ ከላይ ደረቅ በሆነ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው እርጥበት ባገኙ ጊዜ፣ ነጋዴው እርጥቡን ከላይ አድርጎ ሰው እንዲያየው ባለማድረጉ መውቀሳቸው ይታወቃል። አዲስ ቀለም የተቀባ ቀፎ ሥር ያለ የተፋቀ የሻንሲ ቁጥር ከዚያ እርጥብ እህል በምን ይለያል? ዐይቡን እያወቀ የደበቀ ሻጭ፣ ኮሚሽኑን ለማግኘት ዓይኑን የጨፈነ ደላላ፣ ቁጥር መትቶ ገንዘብ የተቀበለ ባለሙያ፣ ሦስቱም ከጥፋቱ ድርሻ አላቸው። ገንዘቡ ቤት ገብቶ የሚበላው ግን ልጆቻቸው ናቸው።

ምን ይደረግ?

ለመግዛት ላሰበ ሰው፣ ቀብድ ከመስጠቱ በፊት ቅደም ተከተሉን እንዲህ እንዲያደርግ እንመክራለን። መጀመሪያ ሊብሬውን ሳይሆን ብረቱን ይይ፤ ከሚያምነው መካኒክ ጋር የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን በራሱ ዓይን አንብቦ ይጻፍ፣ በዙሪያው አዲስ ብየዳ ወይም የተላጠ ቀለም መኖሩን ይመልከት። ቀጥሎ ከሻጩ ጋር ወደ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ሄዶ ቁጥሮቹ ከፋይሉ ጋር መግጠማቸውን፣ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን፣ የገባበት ዲክላራሲዮን በፋይሉ መገኘቱን ያረጋግጥ። የሻጩን ማንነት በመታወቂያው ያመሳክር፤ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ለዚህ ጥሩ አጋዥ ነው። ሻጩ ወኪል ከሆነ ወካዩ በሕይወት መኖሩን፣ ውክልናውም አለመሻሩን ሰነዱን ካረጋገጠው ቢሮ ይጠይቅ። ውሉ በጽሑፍ፣ በምስክሮችና በትክክለኛው ዋጋ ይሁን። ዋጋ ቀንሶ የጻፈ ገዢ፣ ነገ ገንዘቡን ሲያስመልስ የሚያገኘው የተጻፈውን ሊሆን ይችላል። ገንዘቡ በባንክ ይተላለፍ፤ ስሙም ሳይውል ሳያድር ይዙር።

አሮጌ መኪና ላለው ሰው ምክራችን አንድ ነው፤ ሞተር፣ አካል ወይም ቀለም ሲቀየር አስመዝግብ፤ የጋራዡንና የመለዋወጫውን ደረሰኝ አትጣል። መኪናህ ከጥቅም ውጪ ከሆነ ሊብሬዋን ለደላላ አትሽጥ፤ ሰሌዳውንና ሰነዱን መልሰህ ከመዝገብ አሰርዛት። ያንተ ስም ያለበት የሞተች ፔጆ ሊብሬ፣ ነገ የማታውቀው ሰው ወንጀል የሚሠራበት ልብስ ነው።

አስቀድሞ ገዝቶ የተጠራጠረ ሰው ደግሞ አንድ ፈተና ይመጣበታል፤ ለሌላ ሰው ሸጦ መገላገል። ይህን እንዲያደርግ አንመክርም። ያኔ ከተጎጂነት ወደ አጥፊነት ይሻገራል። ሰነዶቹን ሰብስቦ የሕግ ባለሙያ ማማከር፣ ለፖሊስ ማሳወቅና ሻጩን መጠየቅ ቢከብድም የሚያዋጣው እሱ ነው።

ለአስተዳደሩም አንድ ነገር እንላለን። አጭበርባሪ የሚኖረው በመዝገቦች መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ነው። የድሬዳዋ፣ የሐረር፣ የሶማሌና የኦሮሚያ ክልል መዝገቦች ከጉምሩክ መረጃ ጋር በአንድ ቋት ቢናበቡ፣ አንድ ሻንሲ ቁጥር በሁለት ከተማ መኖሩ በዓመታዊው ምርመራ ላይ ወዲያው ይታይ ነበር። ለአሮጌ መኪና ባለቤቶችም ያልተመዘገበ የሞተር ለውጣቸውን ያለ ፍርሃት ቀርበው የሚያስተካክሉበት የጊዜ ገደብ ቢሰጥ፣ ንጹሑ ከወንጀለኛው ይለይ ነበር። ዛሬ ሐቀኛው ባለ ፔጆ ወደ መሥሪያ ቤቱ ለመሄድ የሚፈራው፣ ካልሄደው አጭበርባሪ ጋር በአንድ ዓይን እንዳይታይ ነው።

ፔጆዋ ባቡሩ ቆሞ፣ ባጃጅ መጥቶ፣ ዘመን ተለውጦም በድሬ መንገዶች ላይ ዘልቃለች። ያዘለቃት የመካኒኮቻችን እጅና የባለቤቶቿ ሐቀኝነት ነው። ለልጆቻችን ስናወርሳት ቁልፏን ብቻ ሳይሆን ንጹሕ ታሪኳንም አብረን እንስጣቸው። አላህ ከሐራም ሲሳይ ይጠብቀን።